እናቴ መጨረሻውን ያየችው ፊልም

እንዴት ዋላችሁ! እሁድ ከምሳ በኋላ እንቅልፉንም ቡናውንም ትታችሁ ስለመጣችሁ ደስ ብሎኛል። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ትንሽ ተናገር ተብዬ ጽፌ መጥቻለሁ። ፊልምን ሲኒማ ቤት ሄዶ ስለማየት ነው፣ ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር የምንከራከርበት ጉዳይ። «ምን አጣደፈህ? ትንሽ ብትቆይ ዩቲዩብ ላይ ይለቀቅ የለ እንዴ?» ይሉኛል።

እውነታቸውን ነው፣ ይለቀቃል። ካልተለቀቀም አንዱ ቀድቶ ቴሌግራም ላይ ይጭነዋል፣ ከዚያ በፍላሽ ከቤት ቤት ይዞራል። እኔም በዚህ መንገድ ብዙ ፊልም አይቻለሁ። ሐሳቤን ያስቀየረችኝ እናቴ ናት።

እናቴ ፊልም ትወዳለች። ቤት ውስጥ ግን አንድም ፊልም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይታ አታውቅም። ይህን ያስተዋልኩት በቅርቡ ነው። እኛ ሶፋው ላይ ተዘርግተን እናያለን፣ እሷ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ትቀመጣለች። ጀበናው ሲገነፍል ትነሳለች። ጎረቤት ሲጠራ ትነሳለች። ታናሽ ወንድሜ «እማ፣ ውሃ» ሲል ትነሳለች። ተመልሳ «ምን ሆነ? ያችኛዋስ የት ሄደች?» ስትል እኛ ዓይናችንን ከቴሌቪዥኑ ሳንነቅል ቁርጥራጩን እንነግራታለን። የምታውቃቸው ፊልሞች ሁሉ ግማሻቸውን ያየችው በእኛ አፍ ነው።

አምና አንድ የአማርኛ ፊልም እዚህ ጎንደር ሲመጣ ይዣት ሄድኩ። ከአዘዞ በታክሲ መጣን። መብራቱ ሲጠፋ እጄን ያዝ አደረገችኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ አልተነሳችም፣ ማን ያስነሳታል? ከኋላችን የነበሩ አንድ አባት ተዋናዩ በሩን ሊከፍት ሲል «ተው ልጄ፣ አትግባ!» ብለው ጮኹ፤ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፣ እናቴም ሳቀች፤ ልጁ ገብቶ ያጋጠመውን ስናይ ግን ያ ሁሉ ሰው እርጭ አለ፣ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ስትጠርግ አጠገቧ የተቀመጠች የማናውቃት ሴትዮ ሶፍት አቀበለቻት። ስንወጣ ሁለቱ እንደ ድሮ ጎረቤት እየተጨዋወቱ ነበር።

ማታ ቤት ስንደርስ ፊልሙን የተረከችው እሷ ናት። እኛ «ከዚያስ?» እያልን እንጠይቃለን፣ እሷ ትመልሳለች። በቤታችን እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ስለ ሲኒማ ሲወራ ሰው ቶሎ የሚያነሳው የስክሪኑን ትልቀትና ድምፁን ነው። እሱም አለ። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ፊልሙን ማቆም አለመቻልህ ነው። ቤት ውስጥ ስልክ ሲጠራ ታቆመዋለህ፣ መብራት ሲሄድ በራሱ ይቆማል፣ ሲሰለችህ ታሳልፈዋለህ። ዳይሬክተሩ ግን እዚያች ቦታ ላይ ዝምታ ያስገባው አስቦበት ነው። አሳልፈነው ስናበቃ «ፊልሙ አይጥምም» እንላለን።

እስቲ የራሳችንን ነገር እንውሰድ። ጥምቀት በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል። ካሜራው ታቦቱንም፣ የፋሲልን መዋኛም፣ ውሃ ውስጥ ዘለው የሚገቡትንም ልጆች ከቅርብ ያሳያል፤ ሰው ተጨናንቆ ቆሞ ከሚያየው ይልቅ ቤቱ ያለው አጥርቶ ያያል። ታዲያ የትኛው ጎንደሬ ነው «በቴሌቪዥን አየዋለሁ» ብሎ ቤቱ የሚቀር?

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፣ እሱንም ማወቅ አለብን። ሲኒማ የገባ ፊልም ወደ ቤት እስኪለቀቅ የሚቆይበት ጊዜ አለ። አሜሪካ ውስጥ ከኮሮና በፊት ሦስት ወር ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ወደ 45 ቀን ገደማና ከዚያም በታች አውርደውታል፣ እስከ 17 ቀን ያወረዱም ነበሩ። እነሱ ይህን የሚያደርጉት ቤቱ ሆኖ የሚያየውም ሰው ስለሚከፍላቸው ነው። እኛ ጋ ግን በፍላሽ የተገለበጠ ፊልም ለሠሪው አምስት ሳንቲም አያስገባለትም። ቲኬቱ ነው ካሜራ የተከራየበትን፣ ተዋናይ የከፈለበትን የሚመልስለት። እኛ ስንጠብቅ እሱ ቀጣዩን ፊልም መሥራት ያቅተዋል።

በ1938 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር የተወለደውን የፊልም ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማን አስቡት። ስለ ጥቁሮች ባርነት የሠራው «ሳንኮፋ» የተባለው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ታየ፤ አሜሪካ ውስጥ ግን የሚያከፋፍልለት ጠፋ። እሱ ምን አደረገ? ዋሽንግተን ላይ ራሱ ሲኒማ ቤት ተከራየና ከፈተው። ጥቁሮቹ አሜሪካውያን ተሰልፈው ገቡ፣ አንዱ ለአንዱ እየነገረ ፊልሙ ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደ። ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፣ ከ28 ዓመት በኋላ። ያ ሕዝብ ቁጭ ብሎ ቢጠብቅ ኖሮ የዚህች ከተማ ልጅ ፊልም ሳጥን ውስጥ ይቀር ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል።

ቤቱ ሆኖ የሚያየውን ሰው አልወቅስም። አራስ የያዘች እናት አለች፣ ለስድስት ሰው ቲኬት ቁረጥ የማይባል አባት አለ፣ ከወረዳ ለመምጣት መንገዱ የማይመቸው አለ። እዚህ ከተማም ቢሆን ከመሸ መውጣት የሚከብድበት ጊዜ እንዳለ ሁላችንም እናውቀዋለን። ለዚህም ነው የዛሬው በቀን 8 ሰዓት ላይ እንዲሆን የለመንነው። ፒያሳ ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው የሲኒማ ሕንፃ ሳይቀር ያለን ከተማ ነን፤ እኔ የምመኘው በየወሩ አንድ እሁድ ከሰዓት ፊልም እንዲኖረን ነው። አዳራሽ ያላችሁ፣ ፕሮጀክተር ያላችሁ፣ ሲያልቅ በር ላይ ጠብቁኝና እንነጋገር።

አሁን መብራቱ ሊጠፋ ነው፣ ስልካችሁን ዝጉልኝ። እናቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት፣ ያችን ሴትዮም ይዛት መጥታለች። እስኪያልቅ ድረስ ማንም ምንም እንዳይጠይቃት።