«ቀልብሽን ሰብስቢ!» እሺ፣ ግን እንዴት?

[ምስል፦ ጉም የሸፈነው የጣርማ በር መንገድ፣ ከአውቶቡስ መስኮት]

ከአዲስ አበባ ተሳፍሬ የምወርደው ደብረ ብርሃን ነበር። 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ የተመላለስኩበት መንገድ። መስኮት ጋ ተቀምጬ ስልኬ ላይ ስለ ንብ ማነብ እያነበብኩ ነው። ዘመናዊ ቀፎ እንዴት እንደሚሠራ፣ ንግሥቲቱ በምን እንደምትለይ፣ ማር መቼ እንደሚቆረጥ። ድንገት ጨለመ። ቀና ስል ዋሻ ውስጥ ነን። ጣሊያን የቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ! ደብረ ብርሃንን ካለፍኩ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖኛል። ረዳቱ «ደብረ ብርሃን ወራጅ!» እያለ ሁለት ጊዜ ጮኋል አሉኝ። አጠገቤ የነበሩት እናት ወርደው በቦታቸው አንድ ወጣት ተቀምጧል። መቼ ወረዱ? መቼ ተቀመጠ? እኔ እንጃ።

ደብረ ሲና ወርጄ የመልስ ሚኒባስ ስጠብቅ እናቴ ደወለች። ነገርኳት። ዝም አለችና «አንቺ ልጅ፣ ምናለ ቀልብሽን ብትሰበስቢ!» አለች።

36 ዓመቴ ነው። ይቺን ነገር ስንቴ እንደሰማኋት አልቆጥረውም። ደግሞ ሲናገሩት ቀላል ነው፤ ቀልብ ማለት ዝናብ ሲመጣ ሮጠው የሚሰበስቡት የተሰጣ ገብስ ይመስላቸዋል።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚሁ ቀልብ ነው። ሐኪሞቹ ኤዲኤችዲ ይሉታል። ወደ አማርኛ ሲመለስ «የትኩረት ማነስና ቅብጥብጥነት» ምናምን ይሆናል። እኔ ግን ከስሙ ጋር ጠብ አለኝ። ያን ሁሉ መንገድ ያሳለፈኝ የትኩረት ማነስ ነው እንዴ? ትኩረትማ ሞልቶ ፈሶ ነበር። መሪው ግን በእኔ እጅ አልነበረም።

[ምስል፦ የእድር ስብሰባ፣ ድንኳን ውስጥ]

ከግንባራችን ጀርባ ያለውን የአንጎል ክፍል እንደ እድር ዳኛ አስቡት። ሰው ሁሉ ሐሳብ አለው፤ ዳኛው ግን «አንተ ቆይ፣ አንቺ ቀጥይ፣ ይሄ ለሚቀጥለው ወር» እያለ ተራ ያስይዛል። እሱ ሥራውን እንዲሠራ ከሚያግዙት ኬሚካሎች ዋነኞቹ ዶፓሚንና ኖራድሬናሊን ናቸው። ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው ላይ ይሄ አሠራር ከሌላው ይለያል። ዳኛው አልሞተም፤ ያንቀላፋል። እሱ ሲያንቀላፋ ሁሉም እኩል ያወራል፣ አሸናፊውም ጉዳዩ የከበደው ሳይሆን ድምፁ የጎላው ነው። የሚነቃው ወይ የሚጥመው ነገር ሲመጣ ነው፣ ወይ አዲስ ነገር ሲያይ፣ ወይ ቤቱ ሲቃጠል።

ቤቱ ሲቃጠል ስል እያጋነንኩ አይደለም። ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። ግብር የሚከፈለው ሐምሌ ነው። ብሩ አለ፣ ወረቀቱ አለ፣ ቢሮው ከሱቄ በእግር አስር ደቂቃ ነው። ሐምሌ 1 ቀን «ዛሬ ልክፈልና ልገላገል» እላለሁ። ሐምሌ 12 ያንኑ እላለሁ። ማታ ማታ እሱን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣለሁ፣ ጠዋት ስነሳ እግሬ ወደዚያ አይሄድም። ከዚያ ሐምሌ 30 ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ጥላዬን ረስቼ ስሮጥ ታዩኛላችሁ። ስንፍና ከሆነ ሰነፍ ሰው ሌሊቱን ተኝቶ ያድራል ብዬ ነው የማስበው።

አንድ ጠዋት ላሳያችሁ። ጥር ነው፤ የደብረ ብርሃንን የጥር ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋቢዬን ደርቤ ቡና ልቆላ ምጣዱን ጣድኩ። ማማሰያ ፍለጋ ጓዳ ገባሁ። ጓዳ ውስጥ የመብራት ክፍያ ወረቀት አየሁ፤ «ኧረ ይሄማ ዛሬ ይከፈል» ብዬ በስልክ ልከፍል መኝታ ቤት ገባሁ። ስልኩ ባትሪ ዘግቷል። ቻርጀሩን ሳነሳ ከሥሩ ያልታጠፈ ልብስ ተከምሯል፤ ማጠፍ ጀመርኩ። ሦስተኛው ሹራብ ላይ ስደርስ አንዱ ቁልፍ የለም። መርፌና ክር ፈልጌ፣ ክሩን በምራቄ አርሼ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ልከት ስታገል ነው ጭሱ የደረሰብኝ። ቡናው ከሰል ሆኗል። መብራቱ አልተከፈለም። ስልኩ አልተሰካም። ልብሱ አልታጠፈም፣ ቁልፉም አልተተከለም። ማማሰያው ብብቴ ሥር ነበር።

እዚህ ጋ «ይሄማ ሁላችንም ጋ አለ» የሚል አይጠፋም። አለ! ሳልም ሁሉም ሰው ያስላል። ሁለት ሳምንት ሲያልፈው ግን ጤና ጣቢያ ሂዱ የሚባለው ለምንድን ነው? የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ አዋቂ ሰው ከዘጠኙ የትኩረት ምልክቶች ወይም ከዘጠኙ የመቅበጥበጥና የችኩልነት ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ ሊኖሩት ይገባል። ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ። ቤትም ሥራም ቦታ፣ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ኑሮውን የሚያናጋ መሆን አለበት። ደግሞ አንዳንዶቹ ምልክቶች ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የታዩ መሆን አለባቸው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ቲክቶክ ከጫናችሁ ወዲህ የጀመራችሁ ከሆነ፣ ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው።

ታዲያ ልጅ ሆኜ ማንም እንዴት አላየውም? አንደኛ፣ ሴት ነኝ። ብዙ ጊዜ የሚታየው ዴስክ ላይ የሚዘለው ልጅ ነው፤ ጓደኛውን የሚመታው፣ አስተማሪ የሚያስለቅሰው። እኔ አልዘለልኩም። ዝም ብዬ በመስኮት በግ እቆጥር ነበር። የተቀመጠች ልጅ ደግሞ ጨዋ ናት፣ ማን ይጠይቃታል? ሁለተኛ፣ ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን አንብቤ አልፋለሁ። ሐኪሞቹም ቢሆኑ የገባቸው ቆይተው ነው። ለንደን ውስጥ ጆርጅ ስቲል የሚባል የሕፃናት ሐኪም ስለነዚህ ልጆች ንግግር ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ሳይቀበጠበጡም ትኩረት የሚያጡ አሉ ተብሎ መመሪያ ላይ የተጻፈው ግን እ.ኤ.አ. በ1980። ለረጅም ጊዜም «ሲያድጉ ይተዋቸዋል» ይባል ነበር። ብዙዎቻችንን አልተወንም፤ መቅበጥበጡ ከእግር ወደ ጭንቅላት ወጣ እንጂ።

እኛ አገር ስሙ ባይታወቅም ስድቡ ሞልቷል። ዝንጉ፣ ቀልበ ቢስ፣ ዝርክርክ፣ ጀምሮ የማይጨርስ። ሁለት ሥራ የለቀቅሁት እነዚህን ቃላት በጨዋ አማርኛ ጽፈው ስለሰጡኝ ነው። አክስቴ ደግሞ «ዓይነ ጥላ ነው፣ የጀመርሽውን ሁሉ የሚበትንብሽ እሱ ነው» አለችና ጻድቃኔ ማርያም ሄድን። ሱባኤ ያዝኩ፣ ተጠመቅሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ነፍሴ አርፋ ነው የተመለስኩት። ነጠላዬ እዚያው ቀረ እንጂ።

ስሙን ሳያውቁ መኖር የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሰላሳ ዓመት ሰነፍ ነህ ሲባል ያምናል። ጭንቀቱና ድብርቱ ከኋላ ይመጣል፣ ሐኪም ጋ ስትሄዱም እነሱ ብቻ ይታከማሉ። «ጭንቅላቴ ጸጥ የሚለው ስቅም ብቻ ነው» የሚል ወንድም አታጡም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አሠራሩ የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ አምፌታሚን ደግሞ ለዚሁ ችግር በሐኪም ትእዛዝ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ይሄን ሰምቶ «አየሽ፣ መድኃኒቴ ነው» የሚል እንዳይኖር! በልክ የሚሰጥ ክኒንና በእቅፍ የሚቃም ቅጠል አንድ አይደሉም። ማታ ማታ ምርቃናውን ለማብረድ የሚጠጣው አረቄ ደግሞ አለ፣ ያውም የደብረ ብርሃን አረቄ።

[ምስል፦ የቆየ የእንጨት ሳጥን ሲከፈት]

ምርመራው ምን ይመስላል? ደም አይቀዳም፣ ራጅ አይነሳም። የአእምሮ ሐኪም ቁጭ ብሎ ይጠይቃችኋል፣ ረጅም ጊዜ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 18 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ ለመጠርጠር ይረዳሉ፣ ለመፍረድ ግን አይበቁም። የታይሮይድ ችግር፣ የደም ማነስ፣ የእንቅልፍ እጦት፣ ድብርት፣ እነዚህም ቀልብ ይበትናሉ፤ መጀመሪያ እነሱ ይጣራሉ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ «ዩኒቨርሲቲ ጨርሰሻል አይደል? በቃ የለብሽም» ብለው በአምስት ደቂቃ ሸኙኝ። ሁለተኛዋ ሐኪም ግን የልጅነት የትምህርት ቤት ካርድሽን ፈልጊ አለችኝ።

እናቴ ጋ ደወልኩ። ወረቀት አትጥልም፤ ሳጥኑን ከፍታ እየገላበጠች፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ፣ የወንድሜን የክትባት ካርድ፣ የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ አንድ በአንድ እያነበበች ቆየች። ከዚያ የ4ኛ ክፍል ካርዴን አገኘችው። «ብልህ ናት። ሆኖም አካሏ እንጂ ሐሳቧ ክፍል ውስጥ የለም» ይላል። ዝም አለች። ቀጥላ ምን ብትል ጥሩ ነው? «አባትሽም እኮ እንዲሁ ነበር። በሬ ሊፈልግ ወጥቶ ሠርግ በልቶ የሚመጣ።»

ሳቅን። በኋላ ግን አሰብኩት። የመንትዮች ጥናቶች ሲጠቃለሉ፣ በኤዲኤችዲ ረገድ በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት 74 በመቶ ያህሉ በዘር ነው የሚብራራው። አባቴ በሬውን ሳያገኝ ሲመለስ ስንቴ እንደተሰደበ አስታውሳለሁ።

መድኃኒቱ? አለ። ሜቲልፌኒዴት የሚባለው ዋነኛው ነው። በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው፣ የደም ግፊትና የልብ ምት እየታየ። እንደ ፓራሲታሞል ገብታችሁ የምትገዙት አይደለም፣ ማግኘቱም ራሱን የቻለ ፍለጋ ነው። ከክኒን ጎን የንግግር ሕክምናም አለ። እኔ ገና አልጀመርኩም፣ ስለዚህ ሠራ አልሠራ ብዬ አላወራም።

እስከዚያው የጠቀመኝን ልንገራችሁ፤ ደቦ ነው። ገጠር ሰው ብቻውን ያልደፈረውን አጨዳ በደቦ ይጨርሰው የለ? የእኔ ደቦ አንድ ሰው ነው። ጎረቤቴ። የሱቁን ሒሳብ የምሠራበት ቀን ጥጧን ይዛ ትመጣና አጠገቤ ትፈትላለች። አትረዳኝም፣ ቁጥር አትወድም። እንዝርቷ ሲሾር እሰማለሁ፣ እኔም እሠራለሁ። ስትነሳ እነሳለሁ። ባለሙያዎቹም ይሄን ዘዴ ይመክሩታል፣ እሷ ግን ነፃ ናት። ቁልፌን በር ላይ ሚስማር መትቼ እሰቅለዋለሁ። በአእምሮዬ የያዝኩት ነገር ሁሉ እንደጠፋ ነው የምቆጥረው። ቡናም ስቆላ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፤ ማማሰያውን ሳልይዝ እሳት አልለኩስም።

የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ቦርሳውን በሩ ላይ ሰቅዬ፣ ሰዓቱን በእስክሪብቶ መዳፌ ላይ ጽፌያለሁ። ለጎረቤቴም ነገርኳት። «እሸኝሻለሁ» አለች። «እስከ ታክሲው?» ስላት፣ ዓይን ዓይኔን አይታ «እስከ ሐኪሟ በር» አለችኝ።