ለእያንዳንዱ መረጃ ኃላፊ እንመድብ፦ የዓመታዊ ጉባኤው የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የእድር ዳኞች፣ መምህራን፣ እንግዶቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ባጋ ናጋን ዱፍተን።

ብዙ አላስቆያችሁም። ቡናው እየተቆላ ነው፤ ጅማ ላይ ከቡና ጋር የተፎካከረ ተናጋሪ ደግሞ አያሸንፍም።

ዘንድሮ "ለሕዝቡ መረጃ የሚሰጥ አፕ ይሠራልን" የሚል ጥያቄ በዝቷል። ገንዘብ ከተገኘ አፕ ማሠራት አያቅትም። ጣጣው የሚመጣው ከምርቃቱ በኋላ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በፕሮጀክት ብር ድረ ገጽ ይከፍታል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ገጹም ባለበት ይቀራል። የተጻፈው ስልክ አይነሣም፣ ኃላፊው ከተቀየሩ ቆይተዋል። ሰዉም ተስፋ ቆርጦ የባጃጅ ሹፌር ይጠይቃል። እውነቱን ለመናገር፣ ሹፌሩ የተሻለ ያውቃል።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በስም የሚታወቅ ኃላፊ ያልተመደበለትን መረጃ አናውጣ። የእድር ጥሩምባ ሲነፋ "እውነት ይሆን?" የሚል የለም፤ የነፋውን ሰው ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እኛም የምንከፍተው ድረ ገጽ እንደዚያ ይሁን። ከእያንዳንዱ መረጃ ሥር ማን እንዳጣራውና መቼ እንዳጣራው ይጻፍ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1984 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ ቶም ግራንድነር የሚባል የዩኒቨርሲቲ ሰው አንድ ኮምፒውተር ከስልክ መስመር ጋር አገናኘ። የከተማው ሰው እየደወለ የጤና ጥያቄ በጽሑፍ ያስቀምጣል፣ ሐኪም ይመልስለታል። ያቺ ሙከራ በ1986 ክሊቭላንድ ፍሪኔት የሚባል ለሕዝብ ክፍት የሆነ ነፃ የመረጃ መረብ ወለደች፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። የዚያን ጊዜው ማሽን ዛሬ ኪሳችን ካለው ስልክ ጋር አይወዳደርም። ሰዉን የሳበው ግን ጥያቄው መልስ ማግኘቱ ነው። መረቡ በ1999 ተዘጋ፤ ኢንተርኔት በየቤቱ ሲገባ ጊዜው አልፎበት ነበር።

ደቡብ አፍሪካ፣ ማንኮሲ ላይ ደግሞ የገጠር ሰዎች ዜንዜሌኒ በሚል ስም ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው የራሳቸውን ኔትወርክ ዘርግተዋል። ጣቢያዎቹ በፀሐይ ኃይል ይሠራሉ፤ በዚያው ኃይል የሰው ስልክ ቻርጅ እያደረጉም ገቢ አግኝተዋል። ብልሃቱ ደስ ይላል። እኛ አገር ግን ለኔትወርክ ዝርጋታ ፈቃድ የሚሰጠው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ያንን ለባለቤቶቹ እንተወው። የእኛ ሥራ በተዘረጋው ላይ የሚነበብ ነገር ማኖር ነው።

ምን ይነበብ? ከቦንጋ ወይም ከሚዛን ሕመምተኛ ይዞ ለሚመጣ ሰው እናስብ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሊደርስ ነው። ሪፈር ወረቀቱ ማኅተም አለው ወይ? የጤና መድን ደብተሩ ታድሷል ወይ? ካርድ የሚወጣው በየትኛው በር ነው? ሌሊት ቢደርስ የት ያድራል? ይህን ሁሉ መናኸሪያ ቆሞ፣ አውቶቡስ ሳይሳፈር ማወቅ አለበት። ጅማ ደርሶ "ወረቀትህ ጎደለ" ቢባል የትራንስፖርቱ ብር ቀልጦ ቀረ ማለት ነው። ለዚህ አፕ አያስፈልግም። ፎቶና ቪዲዮ ያልበዛበት፣ ኔትወርክ ሲደክምም የሚከፈት ቀላል ገጽ ይበቃል። ስማርት ስልክ ለሌለው ያንኑ አትመን መናኸሪያው ላይ እንለጥፋለን።

የመናና የጎማ ወረዳ ገበሬም የዕለቱን የእሸትና የጀንፈል (ከነልጣጩ የደረቀ) ቡና ዋጋ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ቀን ያልተጻፈበት ዋጋ ባይወጣ ይሻላል። የትናንትናውን ይዞ የሚከራከር ገበሬ ይጎዳል፤ እኛም እንታማለን።

ቴሌግራም ይበቃናል የምትሉ አላችሁ። ለዜና ጥሩ ነው፣ እንጠቀምበት። ግን ጠዋት የተለጠፈ የውሃ ፈረቃ ማታ በእንኳን አደረሳችሁ ሥር ተቀብሮ ይገኛል። ሁልጊዜ የሚፈለግ ነገር ቋሚ ቦታ ይኑረው።

ገጹ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን፤ እኩል፣ በአንድ ቀን የሚታደስ። ባለሙያዎቻችን የገጹን የቃል መፈለጊያ ሲሠሩ አደራ፤ አንዱ "ሐኪም" ሌላው "ሀኪም" ብሎ ይጽፋል፣ ውሃም ውኃም አለ። ሁሉም ወደ አንድ መልስ ይምጣ።

መረጃ ከየቢሮው ስትጠይቁ አትሸማቀቁ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። የግለሰብ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የእርዳታ ተቀባዮችን ስም ዝርዝር ፎቶ አንሥቶ መለጠፍ በእኛ ገጽ አይታሰብም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል።

ከሻይ በፊት የመረጃ ኃላፊዎች መመዝገቢያው በየወንበሩ ይዞራል። ጤና፣ ቡና፣ ውሃና መብራት፣ ትራንስፖርት፣ ትምህርት ቤት የሚሉ ርዕሶች ተጽፈውበታል። በየርዕሱ ሁለት ሰው እንፈልጋለን፤ አንዱ ሲታመም ወይም መንገድ ሲሄድ ሌላው ይተካል። የሚመዘገብ ሰው ያጣ ርዕስ ዘንድሮ አይከፈትም። አሁን የሒሳብ ሪፖርቱን እንዲያቀርቡልን ገንዘብ ያዣችንን ወደ መድረክ እጋብዛለሁ።