ማን ሞተባችሁ?

(ለአማተር የቲያትር ክበባችን ዓመታዊ ስብሰባ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ የክበባችን ልጆች፣ ታላላቆቻችን፣ እንግዶቻችንም። ወንበር ያጣችሁ ከኋላ ያለውን አግዳሚ ሳቡ። ሣጥኑ ላይ ግን እንዳትቀመጡ፣ ቀለሙ አልደረቀም።

ሊቀመንበር በዓመታዊ ስብሰባ ላይ ምን እንደሚል ታውቁታላችሁ። ያመሰግናል፣ ያሳስባል፣ ያስረዝማል። እኔ ዛሬ የማወራው ስለምናዘጋጀው ቲያትር ብቻ ነው። ምክንያቱም ግማሾቻችሁ «በሞት እንዴት ይቀለዳል?» እያላችሁኝ ነው፣ የቀራችሁት ደግሞ ልምምድ ላይ ከመጠን በላይ እየቀለዳችሁ ነው።

ለእንግዶች ታሪኩን በአጭሩ ላውራው። አንድ ሰውዬ ይሞታል። የድሮ ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም የገባ ነው፣ የእድር ውዝፍ አለበት። አስከሬኑ ገና ቤት ውስጥ እያለ የእድሩ ዳኛ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ መዝገብ ታቅፈው ይመጣሉ። ድንኳን ይተከልለት አይተከልለት ይከራከራሉ። መዝገቡ ሲገለጥ ሟቹ ከብዙ ሰው ቀብር ቀርቷል፣ ቅጣቱንም አልከፈለም። ሚስትየው ሲመራት «ከራሱ ቀብር ቢቀርስ ትቀጡታላችሁ?» ትላለች፣ ዳኛው ደግሞ በቁም ነገር ደንቡን ያስነብባል። ይኼ ሁሉ ክርክር ካለቀ በኋላ ድንኳኑ ለካ ለሠርግ ተከራይቷል። ሁለተኛው ገቢር ላይ ሙሽሮቹም ሐዘንተኞቹም አንድ ድንኳን ሥር ናቸው። ቀሪውን መጥታችሁ እዩ።

«በሞት አይቀለድም» ለምትሉት፦ ለቅሶ ደርሳችሁ አታውቁም እንዴ? ድንኳን ውስጥ ካርታ ሲጫወት የሚያመሸው ማን ነው? ሐዘንተኛዋ ትንሽ ፈገግ እንድትል ብሎ ሟቹ በሕይወቱ የሠራውን ጅልነት እያነሳ የሚያወራውስ? ሙሾም ቢሆን፣ ጎበዝ አልቃሽ ሟቹን እያወደሰች ቋሚውን ሸንቆጥ ሳታደርግ አታልፍም። ይኼን ከማንም አልተዋስነውም።

በቲያትራችንም ቢሆን አዲስ ነገር አላመጣንም። የዘመናዊ ቲያትራችን በር የተከፈተው በኮሜዲ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. አካባቢ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን አቀረቡ። አውሬዎቹ ሲናገሩ ሹማምንቱ ራሳቸውን ሰሙ፣ ቲያትሩ ታገደ። እኚሁ ሰው ናቸው እንግዲህ ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት። መንግሥቱ ለማም «ጠልፎ በኪሴ»ን ሲጽፉ የመረጡት ጉዳይ ጠለፋ ነው። ጠለፋ ለምትጠለፈው ልጅ ምኑም አያስቅም፣ እሳቸው ግን ኮሜዲ አደረጉት። ዋናው ነገር የሚሳቀው በማን ላይ እንደሆነ ማወቅ ነው። እኛ ሟቹ ላይ አንስቅም፣ ሚስቱም ላይ አንስቅም። የምንስቀው መዝገቡ ላይ ነው።

ለዚህም ነው የቄሱን ትዕይንት ያወጣነው። ፈርታችሁ ነው ያላችሁን አላችሁ። አልፈራንም፣ ቀልዱ ርካሽ ነበር።

አሁን ወደ ተዋናዮቹ ልምጣ። ሰሞኑን ልምምድ ላይ ሚስትየዋን የምትጫወተው ልጃችን ለቅሶውን አጋነነችው፣ ደረቷን እየደቃች፣ ዓይኗን እያጉረጠረጠች፣ ማንም ግን አልሳቀም። አዘጋጁ «ተይው፣ የምር አልቅሺ» አላት። የምር አለቀሰች። እኔ ራሴ ሳግ ያዘኝ። ከዚያ መሀል ላይ ቀና አለችና፣ እንባዋ ሳይደርቅ፣ ድምጿም ሳይለወጥ፣ «ስኒዎቹን ቆጥራችሁ አስረክቡኝ፣ ባለፈው የጎደለውን እኔ ነኝ የተካሁት» ስትል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቃሉ ቅድም ያለችው ያው ቃል ነው። አሁን ያሳቀን፣ ልታስቀን ስላልሞከረች ነው። ብላክ ኮሜዲ የሚባለው ነገር፣ በሞትና በሐዘን መሀል የሚያስቀው ቲያትር ማለቴ ነው፣ ከዚህ የተለየ ምሥጢር ያለው አይመስለኝም።

ስለዚህ ጸሐፊውን የምትጫወተው ወንድሜ፣ መነጽሩን አፍንጫህ ጫፍ ላይ ማንጠልጠሉን ተወው። ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ ቀልደኛም አይደለም። ደንቡ አንዴ ከላላ እድሩ ይፈርሳል ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው ነው። ልክም ነው እኮ፣ እናቱን የቀበረው በዚያ ደንብ ነው። አንተ ካመንከው እኛ እንስቃለን። ከጽሑፉ ውጪ ቃል መጨመርም ቀርቷል። ተመልካች ሲስቅ ሰውነትን የሚበላው ነገር አውቀዋለሁ፣ አንዱ ሲጨምር ሌላው ሊበልጠው ይጨምራል፣ ከዚያ ሬሳው ራሱ ቀልድ መናገር ይጀምራል። እኛ ቲያትር ውስጥ ሬሳው ሬሳ ነው።

በደርግ ጊዜ ቀበሌ ኪነት ውስጥ ያደጋችሁ ታላላቆቻችን አላችሁ። አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ወጣቶቹ ነጠላ ለሐዘን እንዴት እንደሚዘቀዘቅ አያውቁም፣ ጥሩምባ ነፊውም እንደ ኳስ ሜዳ ነው የሚነፋው። መጥታችሁ አስተካክሉልን።

ዕቃ በተመለከተ። ሣጥኑን ከኮምፖርሳቶ ሠርተነዋል፣ ቆንጆ ወጥቷል፣ ችግሩ ማንም ቤቱ ሊያሳድረው አልፈቀደም። ለጊዜው እዚሁ ነው፣ አልባሳቱን ውስጡ አጥፈን አስቀምጠናል፣ ዘበኛው ግን ማታ ማታ በዚህ በር ማለፍ ትቷል። ድንኳኑ ደግሞ የባሰ ነው። አንድ እድር ዘንድ ልንከራይ ሄድን። ዳኛው ገና ከመቀመጣችን «ማን ሞተባችሁ?» አሉን። ማንም አልሞተም አልን። ሠርግ ነው? አይደለም። ቲያትር ነው ስንላቸው ትንሽ አሰቡና፣ ለሠርግና ለሞት ዋጋ እንዳላቸው፣ ለቲያትር ግን ደንቡ ላይ እንደሌለ፣ ስለዚህ ጠቅላላ ጉባኤ እስኪጠራ መጠበቅ እንዳለብን ነገሩን። ደራሲያችን ወዲያው ደብተሩን አወጣ። ትዕይንቱ ገብቷል፣ ድንኳኑ ግን እስካሁን የለም። ሌላ እድር የምታውቁ ካላችሁ ከስብሰባው በኋላ አናግሩኝ።

አሁን ገንዘብ ያዣችን የዓመቱን ሒሳብ ታቀርባለች። የአባልነት ውዝፍ ያለባችሁ ሰዎች ስም በሩ ላይ ተለጥፏል፣ የእኔም አለበት። መዝገቧን ይዛ ስትነሣ እንዳትስቁ፣ እሷ ልምምድ ላይ አይደለችም።