ውሃው በየት ይወጣል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከባሕር ዳር ነው የማናግራችሁ። ከጀርባዬ የሚሰማው ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ነው፤ ይቅርታ፣ ግን ለዛሬው ወሬም ይስማማል።

ጣና ዳር የኖረ ሰው ሳይነገረው የሚያውቀው ነገር አለ። የደንገል ታንኳ ሥራውን ሲጨርስ ከሐይቁ ተጎትቶ ይወጣል፣ ውሃው ይንጠፈጠፋል፣ ፀሐይ ይመታዋል። ውሃ ላይ ሲያድር የሚከርም ታንኳ መጀመሪያ ይከብዳል፣ ቀጥሎ ይበሰብሳል። ያረጀ አውሮፕላን ለማየት ሙዚየም ስትሄዱ ይህችን ይዛችሁ ሂዱ። አብዛኛው ጎብኚ በቀጥታ ወደ አፍንጫው ሄዶ ፎቶ ይነሣል፣ ሰሌዳውን አንብቦ ይወጣል። ከሆዱ ጀምሩ ነው የምለው።

ጎንበስ በሉና የስልካችሁን መብራት አብሩ። በሆዱ ዝቅ ያለ ቦታ፣ በክንፉና በጅራቱ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች የኋላ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። የውሃ መውጫ ናቸው። ቆሞ የሚያድር አውሮፕላን ውስጡ ጤዛ ይይዛል፤ ያ ውሃ በእነዚህ መውረድ አለበት። አቧራ፣ የወፍ ጎጆ ጭድ ወይም ቀለም ከደፈናቸው ውሃው እዚያው ይተኛል። ቀለም ያልኩት በስሕተት አይደለም፤ ለኤግዚቢሽን ያምር ተብሎ ሲቀባ ቀዳዳውም አብሮ ይቀባል። ውጪው ሙሽራ፣ ውስጡ ኩሬ።

አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም። የሚያወጣው ነጭ ዱቄት ነው፤ ከቀለሙ ሥር ደግሞ አረፋ የመሰለ እብጠት ይታያል። መጀመሪያ የምትፈልጉት የብረት ብሎን አሉሚኒየሙን በነካበት ቦታ ነው፤ ሁለት ዓይነት ብረት እርጥበት ካገኘ እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ የሚበላውም አሉሚኒየሙ ነው። በተደራረበ ላሜራ መካከል ከገባ ይብሳል። ዱቄቱ ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ላሜራውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ላሜራውን በሚያያይዙት ምስማሮች፣ በሪቬትና በሪቬት መካከል፣ እንደ ትንሽ ትራስ ያብጣል። ፊት ለፊት ስታዩት አይታይም። መብራቱን ወደ ጎን አጋድማችሁ ስታበሩ ጥላው ያጋልጠዋል።

ሐይቅ ዳር ሌላው ጠላት ወፍ ነው። ኩሱ ቀለምም አሉሚኒየምም ይበላል፤ ጎጆው እርጥበት ይይዛል። ወፍ ካልን ደግሞ እዚህ ከተማ ስለ አውሮፕላን እያወሩ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም.ን መዝለል አይቻልም። ከባሕር ዳር የተነሣው ቦይንግ 737 ገና መሬት ሲለቅ የእርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባ፤ ለመመለስ ሲሞክር ሞተሮቹ ጠፉ፣ በሆዱ አረፈ፣ እሳት ተነሣ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ሙዚየም ውስጥ የጄት ሞተር ስታገኙ ፊቱ ላይ ያሉትን ስስ ምላጮች ተመልከቱ። እነሱ ሲጣመሙ የሚጠባው አየር ይዛባል፣ ሞተሩም መተንፈስ ያቅተዋል። አንድ ኪሎ የማይሞላ እርግብ እንዴት ያን ሁሉ ብረት እንደሚያቆም እዚያ ይገባችኋል።

ዳኮታ ወደሚባለው ባለሁለት ሞተር የፕሮፔለር አውሮፕላን እንምጣ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ካይሮ የበረረበት ሲ-47 የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሲ-47 መሆኑን ለማወቅ በግራ ጎኑ ከኋላ ያለውን ሰፊ የጭነት በር እዩ። ከዚያ ሲሊንደሮቹን ቁጠሩ፤ 7 ከፊት፣ 7 ከኋላ፣ በድምሩ 14። በአንድ ረድፍ 9 ብቻ ከሆኑ የተገጠመው ሌላ ሞተር ነው። የጅራቱ መሪዎች ደግሞ በላሜራ ሳይሆን በጨርቅ የተሸፈኑ ናቸው፤ እዚያ ውሃ ከተኛ ጨርቁ ይበሰብሳል።

የዚህ ሞተር ሲሊንደሮች ዙሪያውን እንደ ጨረር ስለተደረደሩ የታችኞቹ ተዘቅዝቀው ነው የሚኖሩት። ሞተሩ ሲቆም ዘይት በፒስተኑ ቀለበት በኩል ሾልኮ ወደ እነሱ ይወርዳል። ዘይት ደግሞ አይጨመቅም። በዚያው ማስነሻው ሞተሪኖ ከዞረ ፒስተኑ ከዘይቱ ጋር ይጋጭና ፒስተኑን የያዘው ዘንግ፣ ቢየላው፣ ይጣመማል። ስለዚህ አሁንም በሚበርሩት ላይ ከማስነሣት በፊት ፕሮፔለሩ በእጅ ይዞራል። ድንገት ከጠነከረ አይገፋም፤ ወደ ኋላም አይመለስም፣ ምክንያቱም ዘይቱ ወደ አየር ማስገቢያው ቱቦ ይሸሽና ሲነሣ ተመልሶ ይገባል። የታችኛው ካንዴላ ተፈትቶ ዘይቱ ይፈስሳል። ከሥሩ ወለሉ ንጹሕ የሆነ እንዲህ ያለ ሞተር ካያችሁ ወይ ዘይቱ ተቀድቷል ወይ ትሪ ተቀምጦለታል።

እናንተ ግን ፕሮፔለር እንዳትነኩ። ለካንዴላው ብልጭታ የሚያመነጨው ማግኔቶ ማጥፊያ ሽቦው ከተበጠሰ ቁልፉ ጠፍቶም ብልጭታ ይሰጣል፤ የቀረች ነዳጅ ካለች ፕሮፔለሩ ዞሮ ይመታል። በድሮ ጊዜ ሰዓቶቹና መለኪያዎቹ ጨለማ ውስጥ እንዲታዩ ጎጂ ጨረር በሚሰጠው በራዲየም ይቀቡ ነበር፤ ብርሃኑ ቢደክምም ራዲየሙ በ1,600 ዓመት ገና በግማሽ ነው የሚቀንሰው። መስታወቱ የተሰነጠቀ መለኪያ ካያችሁ ራቁ፣ ለጠባቂውም ንገሩ።

በደንብ የተያዘ ሞተር ላይ በካንዴላ ፋንታ እርጥበት የሚጠጣ ሲሊካ ጄል የያዘ ግልጽ መሰኪያ ይገባል። በዳኮታው ሞተር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር 2 ካንዴላ ስላለ ቦታው 28 ነው። ጄሉ ሰማያዊ ከሆነ ደርቋል፤ ወደ ሮዝ ከተለወጠ እርጥበት ጠጥቷልና መቀየር አለበት። የሙዚየሙን ትጋት በዚህች ቀለም ብቻ መለካት ይቻላል።

«ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን ታስታውሳላችሁ፤ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ንድፍ አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራችው፣ በ1928 ዓ.ም. የበረረችው። ጣሊያን ወስዷት ለረጅም ዘመን የቆየችው ቪኛ ዲ ቫሌ በሚባል ሙዚየም ነበር፤ እሱም የብራቻኖ ሐይቅ ዳር ነው፣ ቀድሞ የባሕር አውሮፕላኖች ጣቢያ የነበረ ቦታ። በጥር 2016 ዓ.ም. ተመለሰች። ሞተሯ ዋልተር ቬነስ ነው፣ 115 የፈረስ ጉልበት። ፊት ለፊቷ ስትቆሙ ሰባቱን ሲሊንደሮች ቁጠሩ፤ ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ ከታችኞቹ ሥር ምን እንደተቀመጠ እዩ።