እንግዳው እኔ ነኝ

ከኋላ የሚሰማችሁ ማንኮራፋት የኔ አይደለም፣ የሽማግሌው ነው። ዛሬ የማወራውም ስለ እሱና ስለ እሜቴ ነው።

ሁለቱም ግሬት ዴን የሚባሉ ግዙፍ ውሾች ናቸው፣ ሁለቱም 8 ዓመት አልፏቸዋል። ለትንሽ ውሻ 8 ዓመት ምንም ማለት አይደለም። ግሬት ዴን ግን ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት ነው የሚኖረው፤ ግዙፍ ውሻ ቶሎ ያረጃል። ከውሻ መጠለያ ልወስዳቸው ነው ስል የሰማ ሁሉ "ለቅሶ በገዛ እጅ ይገዛል?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነት ለመናገር አሁንም የለኝም።

እኔ እኮ የፈለግኩት አንድ ነበር። መጠለያው ግን ለየብቻ አንሰጥም አለ፤ አንዴ ለይተዋቸው ሁለቱም ምግብ አንነካም ብለው ነበር።

ቤት ሲገቡ ወለሉ ጉድ አፈላ። ሽማግሌው ዳሌው ደካማ ነው፣ የኋላ እግሮቹ ግራና ቀኝ ተንሸራተው ዘፍ አለ። 50 ኪሎ ውሻ ከወለል ማንሳት ምን እንደሆነ ወገቤን ጠይቁት። አሁን ከመኝታቸው እስከ ውሃቸው ምንጣፍ በምንጣፍ ነው። ያን ማታ ሲያቃስት ከራሴ ማስታገሻ፣ ከአይቡፕሮፌን፣ ልሰጠው ምንም አልቀረኝም ነበር። እንኳን መጀመሪያ ለሐኪሙ ደወልኩ፤ አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ ሊገድለውም ይችላል።

ግን ልነግራችሁ የፈለግኩት ይሄን አይደለም። እሜቴን ስጠራት ትመጣለች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ሽማግሌው ለምርመራ ሐኪም ዘንድ ዋለ። ከበሩ ሆኜ ጠራኋት። ዝም። ከኋላዋ ጠጋ ብዬ አጨበጨብኩ። ጆሮዋ እንኳ አልተነቃነቀም።

ለካ አትሰማም! ለካ አገጯን ጀርባው ላይ ጣል አድርጋ የምትተኛው እሱ ሲነሳ እንዲታወቃት ነው። ስጠራት የሚሰማው እሱ፣ የሚነሳው እሱ፣ እሷ ተከታይ። እኔ ደግሞ ስሟን ለመደች ብዬ እኩራራለሁ።

ማታ ሲመለስ ጭራዋን አልቆላችም። ፊቱን፣ ጆሮውን፣ መርፌ የተወጋበትን እግር አንድ በአንድ አሸተተች፣ ከዚያ አገጯን ቦታው መለሰች። እኔ ማሰሪያውን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ፤ ዞር ብሎ ያየኝ የለም።

አሁን ስፈልጋት ወለሉን በእግሬ መታ መታ አደርጋለሁ፣ ንዝረቱ ይደርሳታል። አንዳንዴ ትመጣለች። አንዳንዴ መጀመሪያ እሱን ታየዋለች።

ቆይ... ማንኮራፋቱ ቆመ። እሱ ተነሳ ማለት ነው፣ እሷም ተነስታለች። በሩን ልክፈትላቸው።