«ቆራሌው» ላላችሁኝ

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ሊቀመንበራችን አሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል። ርዕሱንም የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ «ጡረታና ጤና»። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ውጭ ስለቆመችው ጥቁር ሰማያዊ መኪና ልናገር። ስትገቡ አይታችኋታል። አጠገቧ ፎቶ የተነሳችሁም አላችሁ። ከነዚያ ውስጥ የዛሬ 9 ዓመት «ቆራሌው» ብላችሁ ስም ያወጣችሁልኝ አላችሁ። ማን ማን እንደሆናችሁ አልናገርም። ራሳችሁ ታውቃላችሁ።

መኪናዋ የ1964 ሊንከን ኮንቲኔንታል ናት። አራት በር አላት፣ ጣሪያዋ ይከፈታል። በዚያ ዓመት ሞዴል ጣሪያቸው የሚከፈት ሆነው የተሠሩት 3,328 ብቻ ናቸው፤ ሚሺጋን ውስጥ ዊክሶም ከሚባል ፋብሪካ። ሞተሯ 8 ሲሊንደር፣ 7 ሊትር ነው። ክብደቷ ከ2 ቶን በላይ። ነዳጅ ትጠጣለች አትበሉኝ፤ የምሞላው እኔ ነኝ።

ሜሪላንድ ገጠር፣ አንድ ጎተራ ውስጥ ነው ያገኘኋት። በሩን ከፍቼ እግሬን ሳስገባ መሬት ረገጥኩ። ወለሉን ዝገት በልቶታል። የኋላ ወንበሯ ውስጥ አይጥ ወልዳለች። በተጎታች ጭኜ ቤት ሳደርሳት ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ዝም ብላ አየቻት፣ አየችኝ፣ ተመልሳ ገባች። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። እናንተ ግን ተናገራችሁ። «በዚህ ብር አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አይገዛበትም ነበር?» አላችሁ። «ሰውየው ለየለት» አላችሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1 ቀን 1963 ጃንሆይ ዋሽንግተን ሲገቡ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ባቡር ጣቢያው፣ ዩኒየን ስቴሽን ድረስ ሄደው ተቀበሏቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ከተማውን ያቋረጡት ጣሪያዋ በተከፈተ ሊንከን ኮንቲኔንታል ነው። የ1961 ሞዴል ናት፣ ለፕሬዚዳንቱ ተብላ የተረዘመች። በ52ኛው ቀን ኬኔዲ ዳላስ ላይ ተገደሉ። በዚያችው መኪና ውስጥ። ጃንሆይም ለቀብር ተመልሰው መጡ።

መኪናዋስ ምን ሆነች? ቆራሌው ወሰዳት? አልወሰዳትም! ጠገኗት። ጥይት የማይበሳው ጣሪያ ደፈኑባት፣ ቀለሟን ቀየሩ፣ እስከ 1977 ድረስ ፕሬዚዳንት ጫነችበት። ዛሬ ዲርቦርን፣ ሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ቆማለች። የፕሬዚዳንት ደም የፈሰሰባት መኪና እንኳ አልተጣለችም። አይጥ የወለደችባት ለምን ትጣል?

አሁን ወደ ሠርጉ ልምጣ። መሳቅ ጀመራችሁ አይደል?

ለማታውቁት ልንገራችሁ። የዚህች መኪና ጣሪያ በእጅ አይነካም። ቁልፉን ስትጫኑ መጀመሪያ የኋላው ኮፈን ይከፈታል፤ እንደሌላው መኪና ወደ ላይ ሳይሆን ማጠፊያው ከጀርባ ስለሆነ ወደ ኋላ። ከዚያ ጣሪያው ከፊት መስታወቱ ጫፍ ይላቀቃል፣ ይነሳል፣ ይታጠፋል፣ ኮፈኑ ውስጥ ይተኛል። ኮፈኑ በላዩ ይዘጋል። ሥራው ሁሉ የሞተር፣ የዘይት ግፊትና ሪሌ የሚባሉት በኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ማብሪያዎች ነው። አንዱ እርምጃ ማለቁን የምትናገር ትንሽ ማብሪያ አለች። እሷ ካልተናገረች ቀጣዩ አይንቀሳቀስም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሐምሌ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሙሽሮቹ ተሳፈሩ። እልልታው ቀለጠ። ዝናብ ጠብ ጠብ አለ። ጣሪያውን ልዝጋ ብዬ ቁልፉን ተጫንኩ። ኮፈኑ ተከፈተ። ጣሪያው ተነሳ፣ ተነሳ፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቀጥ። ኮፈኑ ተበርግዶ፣ ጣሪያው እንደ ድንኳን ምሰሶ ሰማይ እያየ። ቬሎው ይረጥባል። የሙሽራዋ እናት ያሉኝን እዚህ አልደግመውም።

ከነሱፌ ኮፈኑ ውስጥ ገባሁ። እግሬ ብቻ ነበር የሚታየው። ቪዲዮው ዛሬም ስልካችሁ ላይ አለ። በቴስተር አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ሪሌዎቹ ደህና። ሽቦው ደህና። መጨረሻ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ማብሪያ አገኘሁ፤ ጫፏ ዝጎ ኤሌክትሪክ አላሳልፍ ብሏል። አንዷ ሚዜ የጥፍር ሞረዷን አቀበለችኝ። ፋቅ ፋቅ አደረግኩት። ቁልፉን ተጫንኩ። ጣሪያው ሰተት ብሎ ቦታው ገባ። ያን ጊዜ ያጨበጨባችሁት ጭብጨባ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ጆሮዬ ላይ የቀረው ግን እሱ ብቻ አይደለም። አንድ እንግዳ «ሰውየው ኢንጂነር ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከኛው አንዱ መለሰለት። «ኧረ ተወው፣ መካኒክ ብቻ ነው።»

ብቻ!

እኔ ሱማሌ ተራ አጠገብ ጋራዥ ውስጥ በ13 ዓመቴ ካቻቢቴ አቀባይ ሆኜ ነው የጀመርኩት። ኮፈን፣ ካንቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ እያልኩ ነው ያደግኩት። ዛሬም የአሜሪካኑን መኪና ቨርጂኒያ ላይ በጣሊያን ስም እየጠራሁ ነው የምፈታው። እዚህ ስመጣ ፓርኪንግ ውስጥ 22 ዓመት የሰው መኪና አቆምኩ። ከናንተ ግማሹ አብሮኝ አቁሟል። ያን ጊዜ አልተናናቅንም። ዛሬ ልጃችሁ ኮምፒውተር ከተማረ ድግስ ትጠራላችሁ። ብየዳ ከተማረ «ለጊዜው ነው» ትላላችሁ። አጼ ምኒልክ ባለእጁን አትስደቡ ብለው አዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። አዋጁ ቨርጂኒያ አልደረሰም እንዴ?

አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ። ተቀመጡ።

ሁሉንም እኔ ሠራሁት አልልም። ላሜራውን የቀጠቀጠልኝ ወንድም እዚህ አለ፤ ተነሳ እንጂ፣ ይዩህ! ፓራውልቱን ኒኬል እንዲነክሩልኝ የሰጠኋቸው ሰዎች 14 ወር አስቀምጠው ብሎኖቹን ጥለው መለሱልኝ። እነሱ አልተጋበዙም።

ያን ጊዜ ፋብሪካው እያንዳንዷን መኪና 12 ማይል መንገድ ላይ ሳይፈትሽ አያስረክብም ነበር። እኔም ስጨርስ 12 ማይል ነዳኋት። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። በዘጠነኛው ማይል ላይ «ሬዲዮው ይሠራል?» አለችኝ። ይሠራል።

ጡረታና ጤናን በተመለከተ፤ በልክ ብሉ፣ ተራመዱ፣ ደም ግፊታችሁን ተለኩ። ወገቤ ከመኪና ሥር እየተንፏቀቅኩ ተሽሎኛል፤ ሐኪሜ ግን አይስማማም።

ቅዳሜ ጠዋት ጋራዤ ክፍት ነው። ልጆቻችሁን ላኩ። ወንድ ሴት አልልም። አሮጌ ልብስ ይልበሱ፤ ግሪስ አይለቅም።

ከእራት በኋላ አራት አራት እየሆናችሁ አንድ ዙር አዞራችኋለሁ። የኋላ በሮቹ በተቃራኒው ነው የሚከፈቱት። ስትከፍቷቸው መስታወቱ ራሱ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ሰበርኩት ብላችሁ አትደንግጡ፣ አሠራሩ ነው። እናቶች ይቅደሙ። «ቆራሌው» ያላችሁኝ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቁሙ።