ከዱቤ መዝገብ እስከ ሕገ መንግሥት፦ የባለሱቁ ሮጀር ሸርማን ታሪክ

[ምስል፦ የድሮ ካርታ፣ ኮነቲከት ላይ ቀስ ብሎ እየቀረበ]

ዘመኑ በፈረንጆቹ 1750 አካባቢ ነው። አሜሪካ ገና አገር አልሆነችም፣ በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ነች። ኮነቲከት ውስጥ ኒው ሚልፎርድ የምትባል ትንሽ የገበሬዎች ከተማ አለች፤ ከተማዋ ውስጥ ሱቅ አለ። አንድ ደንበኛ የቆየ ዱቤውን በሮድ አይላንድ የወረቀት ገንዘብ እከፍላለሁ አለ። ባለሱቁ እምቢ አለ። ነገሩ ተካሮ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ለምን እምቢ እንዳለ ካልገባን፣ ይህ ሰው ኋላ የሠራው ነገር አይገባንም። ስለዚህ እዚህ ሱቅ ውስጥ ትንሽ እንቆይ።

ያኔ ገጠር ውስጥ የወርቅና የብር ሳንቲም እንደ ልብ አይገኝም። ሰው የሚገዛው በዱቤ ነው። ባለሱቁ ዕቃውን ይሰጥና መዝገቡ ላይ ያሰፍራል፤ ክፍያው ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ይመጣል። ጎረቤቷ ሮድ አይላንድ ደግሞ የወረቀት ገንዘብ እያተመች፣ መሬት መያዣ እየተቀበለች ታበድራለች። አለቀ ሲባል ደግማ ታትማለች። በታተመ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። እንበልና የ10 ፓውንድ ዕቃ በዱቤ ወሰዳችሁ። ከዓመት በኋላ 10 ፓውንድ በወረቀት ከፈላችሁ። ቁጥሩ ያው ነው፣ ግን ያ ወረቀት አሁን የሚገዛው የ7 ወይም የ8 ፓውንድ ዕቃ ብቻ ነው። ጉድለቱን የሚሸከመው ማን ነው? ባለሱቁ።

[ምስል፦ የሮጀር ሸርማን ሥዕል]

ባለሱቁ ሮጀር ሸርማን ይባላል። በ1721 ማሳቹሴትስ ውስጥ ኒውተን ተወለደ። አባቱ ገበሬም ጫማ ሰፊም ስለነበር እሱም ጫማ መስፋት ተማረ። አባቱ በ1741 ሞተ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ታላቅ ወንድሙ ዊሊያም ወዳለበት ኒው ሚልፎርድ ሄደ። የጫማ መስፊያ ዕቃውን ጀርባው ላይ አዝሎ በእግሩ ነው የሄደው ይባላል። ኮሌጅ ገብቶ አልተማረም። ግን ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነበር፤ በ1745 የመሬት ቀያሽ ሆኖ ተሾመ፣ ከ1750 ጀምሮ ደግሞ የጨረቃንና የፀሐይን ጊዜ ራሱ እያሰላ የዓመት መቁጠሪያ መጽሐፍ ያሳትም ነበር። ሱቁን የከፈተው ከወንድሙ ጋር ነው።

በ1752 በብዕር ስም አንድ ትንሽ መጽሐፍ አወጣ፣ ስለዚሁ ስለ ገንዘብ። ክርክሩ ግልጽ ነው። ሰዎች «የሮድ አይላንድን ወረቀት መቀበል ልማድ ነው፣ ስለዚህ ዕዳ ይከፈልበት» ይላሉ። እሱ ደግሞ፣ ሕግ ያላጸደቀውንና ዋጋው በየቀኑ የሚዋዥቅ ወረቀት አበዳሪ በልማድ ብቻ ሊገደድበት አይገባም አለ። ዋጋው የማይረጋ ገንዘብ ከአባይ ሚዛን አይሻልም፣ አባይ ሚዛንን ደግሞ የእግዚአብሔርም የሰውም ሕግ ያወግዘዋል ሲል ጻፈ። ሰውየው ጥብቅ ፒዩሪታን፣ ማለትም አጥባቂ ፕሮቴስታንት ነበር፤ ይህን ሲል ከልቡ ነው።

በሌላ በኩል ገበሬውም የራሱ ችግር ነበረበት። ሳንቲም ከየት ያምጣ? የወረቀት ገንዘብ የተወደደው አንዱ ምክንያት ይህ እጥረት ነው። ሸርማን ነገሩን ያየው ከመደርደሪያው ማዶ ቆሞ ነው፣ ይህን መዘንጋት የለብንም።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1754 ጠበቃ ሆነ። በ1755 የቅኝ ግዛቷ ምክር ቤት አባል። በ1761 ወደ ኒው ሄቨን ተዛውሮ ከዬል ኮሌጅ አጠገብ ሱቅ ከፈተ፤ ለተማሪዎች መጽሐፍም ይሸጥ ነበር። ኮሌጅ ያልገባው ይህ ሰው ከ1765 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ የዬል ገንዘብ ያዥ ሆነ። ዳኛም ሆነ። በ1772 ንግዱን ተወው።

[ምስል፦ ፊላደልፊያ፣ የምክር ቤቱ አዳራሽ]

በ1774 የቅኝ ግዛቶቹ ተወካዮች ወደሚሰበሰቡበት አህጉራዊ ኮንግረስ ተላከ። ተናጋሪ አልነበረም። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ በዕለት ማስታወሻው ላይ ሰውየው ለዛ የሌለው፣ አሚዶ እንደጠጣ ጨርቅ ግትር ነው ብሎ ጽፎበታል። ያው አዳምስ ግን በሌላ ቦታ «እንደ መልአክ ሐቀኛ» ብሎታል። የነጻነት መግለጫውን እንዲያዘጋጁ ከተመረጡት አምስት ሰዎች አንዱ ሸርማን ነው። አራቱን የአገሪቱን መሥራች ሰነዶች፣ ማለትም የ1774ቱን የንግድ ማዕቀብ ስምምነት፣ የነጻነት መግለጫውን፣ ከሕገ መንግሥቱ በፊት ግዛቶቹ የተዳደሩባቸውን የኮንፌዴሬሽን አንቀጾችና ሕገ መንግሥቱን የፈረመ ብቸኛ ሰውም እሱ ነው። ከ1784 ጀምሮ የኒው ሄቨን የመጀመሪያው ከንቲባ ነበር።

የሕገ መንግሥቱ ጉባኤ በ1787 ሲከፈት 66 ዓመቱ ነው። ትልልቆቹ ግዛቶች በሚቋቋመው የሕግ አውጪ አካል ሁለቱም ምክር ቤቶች በሕዝብ ብዛት ይሁኑ ይላሉ፣ ትንንሾቹ እኩል ድምፅ ካላገኘን አንስማማም ይላሉ። ሰኔ 11 ቀን ሸርማን አንደኛው ምክር ቤት በሕዝብ ብዛት ይሁን፣ በሴኔት ደግሞ እያንዳንዱ ግዛት እኩል ድምፅ ይኑረው አለ። የሴኔቱ ሐሳብ በአንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀ። ጉባኤው ሊፈርስ ምንም አልቀረውም ነበር። ሐምሌ 16 ግን ይኸው አካሄድ 5 ለ 4 አለፈ። ዛሬ በሕዝብ ብዛት ትንሿ ዋዮሚንግም ግዙፏ ካሊፎርኒያም ሁለት ሁለት ሴናተር ያላቸው በዚህ የተነሳ ነው።

ሁሉም የሚያወራው ስለዚህ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ነሐሴ 28 ቀን የሆነው ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1786፣ ሮድ አይላንድ እንደገና የወረቀት ገንዘብ በገፍ አትማ ነበር። ይባስ ብላ አልቀበልም ያለ ይቀጣል የሚል ሕግ አወጣች። ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘጉ። ፊላደልፊያ ላይ በጉባኤው የቀረበው ረቂቅ ደግሞ ግዛቶች በፌዴራሉ ምክር ቤት ፈቃድ የወረቀት ገንዘብ ማውጣት ይችላሉ ይል ነበር። ሸርማንና የፔንሲልቬኒያው ጄምስ ዊልሰን ተነሡ። ፈቃድ የሚባል ነገር የለም፣ ጭራሽ ይከልከል አሉ፤ ግዛቶች ከወርቅና ከብር ሳንቲም በቀር ሌላ ነገር የዕዳ መክፈያ አያድርጉ። አንድ ተወካይ ይህ ብዙ ተቃዋሚ ያስነሳብናል ብሎ ሰጋ። ሸርማን ግን የወረቀት ገንዘብን ለመጨፍለቅ ምቹው ጊዜ አሁን ነው አለ። አለፈ። አንቀጽ 1፣ ክፍል 10 ላይ ዛሬም አለ። ሮድ አይላንድ ወደ ጉባኤው ተወካይ እንኳ አልላከችም ነበር።

ስለ ባርነት ያለው ታሪኩ ግን ልብ ይከፍላል። በ1784 ኮነቲከት ከዚያ ወዲያ ከባሪያ የሚወለዱ ልጆች 25 ዓመት ሲሞላቸው ነጻ እንዲወጡ ስትደነግግ፣ የሕግ መጽሐፏን ያሻሻሉት እሱና ሪቻርድ ሎው ነበሩ። በጉባኤው ላይም በባሪያዎች ላይ ቀረጥ መጣል ሰውን እንደ ንብረት መቁጠር ነው ብሎ ተቃወመ። ሆኖም የባሪያ ንግዱን እንደማይደግፍ እየተናገረ፣ ስምምነቱ እንዳይፈርስ ብሎ ባለበት ይቀጥል አለ። አንድነቱን አስቀደመ። ዋጋውን የከፈሉት በአዳራሹ ውስጥ ያልነበሩት ሰዎች ናቸው፣ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

በ1789 የተወካዮች ምክር ቤት ገባ። የምክር ቤቱ አባል ጄምስ ማዲሰን አዲሶቹ የመብት ማሻሻያዎች በሕገ መንግሥቱ ጽሑፍ መሃል መሃል ይሰግሰጉ ሲል፣ ሸርማን አይሆንም አለ፤ የተፈረመው ጽሑፍ አይነካ፣ የሚጨመረው ከመጨረሻው ይምጣ። መጀመሪያ ተሸነፈ፣ ነሐሴ ላይ ግን ምክር ቤቱ በሐሳቡ ተስማማ። ከ1791 ጀምሮ ሴናተር ነበር፤ ሐምሌ 23 ቀን 1793 ሲሞት ሴናተርም ከንቲባም እንደሆነ ነው። ሰነዱን ከፍታችሁ ብታዩት 27ቱም ማሻሻያዎች ከዋናው ጽሑፍ ኋላ በተራ ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ።